ክላሹ ባዶ ሲሆን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ መናኸሪያው አካባቢ ካለ አንድ ጌም ቤት ደጅ ላይ የሰማሁት ክርክር ነው። የቤቱ ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው። ኢንተርኔቱም አያስተማምንም። ስለዚህ ልጆቹ በኬብል ተያይዘው እርስ በርስ ካውንተር ስትራይክ 1.6 የሚባለውን፣ አሸባሪዎችና ፀረ ሽብር ኃይሎች በሁለት ወገን የሚታኮሱበትን ጨዋታ ይጫወታሉ። በፈረንጆቹ 2003 የወጣ ጨዋታ ነው። ከአንዳንዶቹ ተጫዋቾች በዕድሜ ይበልጣል፤ ፉክክሩ ግን አሁንም ትኩስ ነው።

ነገሩን ያስነሳው አንድ ራውንድ ነው። ካርታው፣ ማለትም የሚጋጠሙበት ቦታ፣ ደስት 2። ከአሸባሪዎቹ ወገን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ ቀርቷል። ከወዲያኛው ወገን ሁለት አሉ። ተማሪው አንዱን በክላሽ ጣለው፤ እሱን ለመጣል ግን 30ውንም ጥይት ጨረሰ። ከዚያ እዚያው በቆመበት ካዝና መቀየር ጀመረ። ሁለተኛው ተጋጣሚ ገና የአስረኛ ክፍል ልጅ ነው። እጁ ላይ ጥይት የሞላ መሳሪያ ነበረው። እሱን ትቶ ቢላዋውን መዘዘና ከኋላ ደርሶ በአንድ ውጋት ጣለው። ቤቱ በጩኸት ተሞላ። በቢላዋ መሞት እንዴት እንደሚያሳፍር የተጫወተ ያውቀዋል።

ሻይ ይዘው ደጅ ሲቀመጡም ጭቅጭቁ አልበረደም።

"ዕድል ነው" አለ ተማሪው። "ግማሽ ሰከንድ ባገኝ ኖሮ ካዝናው ገብቶ ነበር።"

"የምን ዕድል? ወጋሁህ እኮ!" አለ ልጁ። "ቢላዋ የያዘ ሰው ይፈጥናል። አንተ ክላሽ ተሸክመህ ትንፏቀቃለህ።"

ጎረቤት ሞባይል የሚጠግን ወጣት ልጁን ደገፈ። እሱ በራሱ ቤት ጥሩ ኮምፒውተር አለው። የሚጫወተውም አዲሱን ካውንተር ስትራይክ፣ ሲኤስ 2ን ነው። "ልጁ እውነቱን ነው" አለ። "ቢላዋ ስትይዝ ፍጥነትህ 250 ነው። በክላሽ 215፣ ከሩቅ በሚተኮሰው በአውፕ 200። በቢላዋ ሰው ከገደልክ ደግሞ ጨዋታው መሳሪያ መግዣ 1500 ዶላር ይሰጥሃል። በክላሽ 300፣ በአውፕ 100 ብቻ። ታዲያ ቢላዋ የሚጠላ ማነው?"

የጌም ቤቱ ባለቤት እስከዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል። 1.6ን ከልጅነቱ ጀምሮ የተጫወተ ሰው ነው።

"እሱ ያንተ ጨዋታ ነው" አለው። "እዚህ ቤት ቢላዋ ጉርሻ የለውም። በምንም ግደል በምን 300 ዶላር ነው። ፍጥነቱም እንዳልከው አይደለም። 1.6 ላይ ቢላዋም 250 ነው፣ ሽጉጦቹም እንደዚያው፦ ግሎክም 250፣ ዩኤስፒም 250፣ ዲግልም 250። ክላሹ ነው ወደ 221 የሚወርደው። በሽጉጥ እኩል መሮጥ እየቻልክ ቢላዋ ይዘህ የምትሮጠው ለምንድን ነው? ድንገት ሰው ቢገጥምህ በሽጉጡ ትተኩሳለህ። በቢላዋው ትሞታለህ።"

ጠጋኙ ትንሽ አሰበ። "ሲኤስ 2 ላይ ግን ዩኤስፒው 240፣ ዲግሉ 230 ነው። እዚያ ቢላዋው ይቀድማል" አለ።

"እዚያ ይቅደም። እኔ የማወራው እዚህ ስላለው ነው።"

ልጁ አልተዋጠለትም። "ጋሼ፣ ታዲያ ገደልኩት አይደል እንዴ?"

"ገደልከው፤ እሱ ስላላየህ ነው። ከኋላ በቀኝ ክሊክ ከወጋህ በአንዱ ይወድቃል። ከፊት ከሆነ አንዱ አይበቃህም፣ መድገም አለብህ። የቀኙ ክሊክ ደግሞ ከግራው ይልቅ እጁ አጭር ነው። አፍንጫው ስር ካልገባህ አትነካውም። ዞር ቢልስ ኖሮ? ሽጉጡን ቢመዝስ ኖሮ?"

ይሄኔ ሁሉም ወደ ተማሪው ዞሩ። ባለቤቱም ለእሱ አላዘነለትም።

"አንተስ? 20 ጥይት የጎረሰ ግሎክ እያለህ ምን ብለህ ነው ሰው ፊት ካዝና የምትቀይር? ክላሽ ለመሙላት 2 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሽጉጥ ማውጣት የዚያን ግማሽ አይፈጅም። እዚህ አገር ጠብመንጃውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ገበሬ ዱላውን ቤቱ ጥሎ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?"

"ሞክሬው ነበር እኮ" አለ ተማሪው። ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ብሶት ነበር። "ሽጉጥ ለማውጣት 2 ቁጥርን ስጫን የመሳሪያ ዝርዝር ብቻ ነው የሚመጣው። ሽጉጡ የሚወጣው እንደገና በማውስ ክሊክ ሳደርግ ነው። እስከዚያ ሞቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።"

ክርክሩ መልኩን የቀየረው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሴቲንግ ውስጥ፣ ኪቦርድ የሚለው ገጽ ላይ አድቫንስድ የሚል ቁልፍ አለ። እሱ ሲከፈት ፋስት ዌፐን ስዊች የሚል ምርጫ ይመጣል። እሱ ካልበራ 2ን መጫን ብቻውን አይበቃም፣ በክሊክ ማጽደቅ ያስፈልጋል። ሲበራ ሽጉጡ ወዲያው እጅ ላይ ነው። ተማሪው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ጠፍቶ ነበር። ልጁ የሚቀመጥበት ላይ በርቷል። ጌም ቤት የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህን ችግር ያውቀዋል። ዛሬ ያስተካከልከውን ነገ ሌላ ሰው ይቀይረዋል።

ባለቤቱ ይህን አልካደም። "እሺ፣ እሱስ ልክ ነህ" አለ። "ግን ኪው የምትባል ቁልፍ አለች። እሷ ምንም ሳትጠይቅ ቀድሞ ወደያዝከው መሳሪያ ትመልስሃለች።"

ጠጋኙ አንድ ጥያቄ ነበረው። "ታዲያ ጥይት ባለቀ ቁጥር ሽጉጥ ነው?"

"አይደለም። ተጋጣሚህ ሩቅ ከሆነ ተከለልና ካዝናህን ቀይር። በግሎክ ከሩቅ መተኮስ ጥይት ማባከን ነው። ሽጉጡ ለቅርብ ነው፣ መሸሸጊያ ለሌለው ነው። ለአውፕ ተኳሽ ደግሞ የግድ ነው። አውፕ እግር ላይ ከመታ አይገድልም። ተመቺው ትንሽ ነፍስ ይዞ ይመጣብሃል። አውፑ እንደገና እስኪዘጋጅ ከመጠበቅ በሽጉጥ አንድ ጥይት ብትጨምርለት ይወድቃል።"

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ እግር ኳስ ዞረ። እኔ ግን ነገሩን ይዤው ሄድኩ። ይህን ጨዋታ እወደዋለሁ፤ ጥሩ ተጫዋች በትንሽ ልማድ ሲሸነፍ ማየትም ያንገበግበኛል።

ዋናውን ነገር ከባለቤቱ ጋር እስማማለሁ። ሽጉጡ ቀድሞ የሚታሰብበት መሳሪያ ነው። ተማሪው የተሸነፈው ካዝናው ስላለቀ አይደለም። ካዝናው ቢያልቅ ምን እንደሚያደርግ ሳይወስን ተኩስ ስለከፈተ ነው። 30 ጥይት አንድ ሰው ላይ የጨረሰበትም ምክንያት ያው ነው። ከኋላው ሌላ መሳሪያ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጣቱን አንስቶ ሁለት ሦስት እያደረገ ይተኩሳል።

ባለቤቱ ስለ ሩጫው ያለው ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነው፤ እሱ ግን ጫፉ ድረስ አልወሰደውም። ኪው የምትመልሰው ቀድሞ ወደያዝከው መሳሪያ ነው ካልን፣ ከክላሽ በፊት ምን ይዘህ እንደሮጥክ ነገሩን ይወስነዋል። ቢላዋ ይዘህ ሮጠህ ጥጉ ላይ ክላሽ ከመዘዝክ፣ ጥይት ሲያልቅብህ ኪው የምታወጣልህ ቢላዋውን ነው። ሽጉጥ ይዘህ ሮጠህ ከሆነ ሽጉጡ ይመጣል። 1.6 ላይ ፍጥነቱ አንድ ስለሆነ በዚህ የምታጣው ነገር የለም። ሲኤስ 2 ላይ ግን የጠጋኙ ስሌት ይሠራል። ማንም በሌለበት መንገድ በቢላዋ ሩጥ፤ ጥግ ሳትደርስ መሳሪያህን አውጣ። 1500 ዶላሩ እውነት ነው፤ ክላሹ ግን 2700 ያወጣል። ጀርባውን ላልሰጠህ ሰው ቢላዋ ይዘህ ስትሄድ የምታስይዘው ክላሹንም ራውንዱንም ነው።

ልጁን በተመለከተ ባለቤቱ ትንሽ ከረረበት። ቢላዋ 1.6 ላይም ጥቅም አለው፣ እሱም ዝምታው ነው። የክላሽ ተኩስ ሩቅ ድረስ ይሰማል። ጓደኞቹ በአቅራቢያው ያሉ አንድ ጠባቂ ጀርባውን ሰጥቶህ ከቆመ፣ በሺፍት ቀስ ብለህ ተራምደህ በቢላዋ ብትጥለው ሌሎቹ ሳያውቁ ትገባለህ። ያን ቀን ግን ተማሪው የመጨረሻው ነበር። የሚሰማ ሌላ ሰው አልቀረም። ልጁ መሳሪያውን አስቀምጦ ያተረፈው ጭብጨባውን ብቻ ነው፤ ተማሪው ዞር ብሎ ቢሆን ደግሞ አሸንፎት የነበረውን ራውንድ ያጣ ነበር።

ለባለቤቱ በማግስቱ ሁለት ነገር ነገርኩት። አንደኛ፣ ፋስት ስዊቹን በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አብራ። ገንዘብ የከፈለ ልጅ በሴቲንግ መሸነፍ የለበትም። ሁለተኛ፣ ልጆቹ አንዳንዴ በሽጉጥ ብቻ ይጋጠሙ። የመጀመሪያው ራውንድ ላይ ሁሉም 800 ዶላር ይዞ ነው የሚጀምረው፤ ዲግል በ650 ትገዛለህ ወይም ጥይት መከላከያውን በ650፣ ሁለቱን አይችልም። ሽጉጥ የማያውቅ ልጅ ከዚያው ከመጀመሪያው ራውንድ ጀምሮ በገንዘብ ወደኋላ ይቀራል።

ሴቲንጉን እንደሚያስተካክል ነግሮኛል። ተማሪው እስከዚያ ኪውን ይልመድ።