ጎመን በጤና፣ ጭሱስ?

ሰሞኑን በአንድ የኤፍኤም ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ ለአዲስ አበባ ጭስ መድኃኒት አገኙለት። ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ የሽፈራው ሻይ። እጽዋት ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሴልን ከጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር፣ የልብ ሴልን ከተበከለ አየር ጉዳት እንደሚጠብቅ ላብራቶሪ ውስጥ ታይቷል አሉ። ስለዚህ ምግባችንን ካስተካከልን ጭሱ ብዙም አያስፈራም። አዘጋጁም አመስግኖ ወደ ሙዚቃው ሄደ።

ይበልጥ ያናደደኝ ማሳረጊያቸው ነው። አያቶቻችን ጎመን እየበሉ የልብ ሕመም አያውቁም ነበር ተባለ። ማን መርምሯቸው? ጭስ በታፈነበት ማድ ቤት ሲያስሉ ኖረው፣ አንድ ቀን “ድንገት አረፉ” ተብሎ ተቀበሩ። ልብ ይሁን ሳንባ ብሎ የጠየቀ የለም።

የናፍጣና የከሰል ጭስ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ብናኞች ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ ናቸው። ሳንባ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፣ ሰውነትን ያስቆጣሉ፣ የደም ሥርን ይጎዳሉ። አንቲኦክሲዳንት ይህን ጉዳት ሊቀንስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግን ላብራቶሪ ያለው ሴል ሆድም ጉበትም የለውም። ተመራማሪው የእጽዋቱን ጭማቂ በቀጥታ ያፈስበታል። እኛ ከምንበላው ውስጥ ደም ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፣ እሱም ተለዋውጦ። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት በክኒን የወሰዱት ሰዎች የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት ጭራሽ በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ክኒን እንጂ ጎመን አይደለም ትሉኝ ይሆናል። ይሁን።

ጎመን ልብን ከጭስ የሚያድን ቢሆን፣ የከተማችን ጤነኛ ሰው ታክሲ ተራው አጠገብ ጉልት የምትቸረችረው እናት በሆነች ነበር። ጎመኑ እግሯ ሥር ነው። ያልተሸጠውን ማታ ይዛ ገብታ ለልጆቿ ትሠራዋለች። በምን? በከሰል። ቀን የአይሱዙ ጭስ፣ ማታ የከሰል ጭስ። እሷን ምን ልትሏት ነው? ጎመን ጨምሪ? ቡናም አንቲኦክሲዳንት ሞልቶታል፣ እውነት ነው። ግን ቆልተን የምናፈላው ከሰል ላይ ነው፣ ያውም በር ዘግተን፣ ዕጣን ጨምረን። ጤፉም የፈለገውን ያህል ንጥረ ነገር ይኑረው፣ በማገዶ የምትጋግረው ሴት ጭሱን ስባ ነው እንጀራውን የምታወጣው። የዚህ አገር ድሃ ጎመን አጥቶ አልታመመም። ያጣውማ ከጎመን ሌላ ያለውን ነው! ምክሩ የሚመቸው ጭሱን ለሚለቀው ሰው ነው። ጥፋቱን ከመኪናው ጭስ ማውጫ አንስቶ እኛ ትሪ ላይ ያስቀምጥለታል።

ደግሞ የሚሠራው ነገር ይታወቃል። ቤጂንግ እ.ኤ.አ. ለ2008ቱ ኦሎምፒክ ብላ መኪናና ፋብሪካ ስትገታ፣ ጤነኛ ወጣቶች ደም ውስጥ ከደም መርጋት ጋር የተያያዙ ምልክቶች ቀነሱ። ገደቡ ሲነሳ አንዳንዶቹ ተመልሰው ወጡ። ሻይ ጠጡ ያላቸው የለም።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. መከልከሉን እደግፋለሁ። ቀድመው የገቡትስ? ለሚቀጥለው ፕሮግራም የምግብ ባለሙያውን ትተው የተሽከርካሪ ምርመራ ኃላፊ ይጋብዙልን። ጥቁር ጭስ እየተፋ ፊታችን የሚያልፈው አይሱዙ መስታወቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ ለጥፏል። ምርመራውን እንዴት እንዳለፈ እሳቸው ያስረዱን።