ድንጋይ መጭመቅ ምን ይጠቅማል ላሉን

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ የምርምር ገንዘብ ለማን ይሰጥ የሚል ስብሰባ ነበር። አንድ ወጣት መምህር ዓለት ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ላጥና ብሎ ያስገባው ማመልከቻ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ «በሁለት ዓመት ውስጥ ቀጥተኛ ተጠቃሚ አያሳይም» የሚል ነው። ብር የለም ቢሉ አንድ ነገር ነበር፤ የብሩን ነገር ማን ያጣዋል። ያንገበገበኝ ከመድረኩ የተሰጠው ማብራሪያ ነው። «እንጀራ ላልጠገበ ሕዝብ ድንጋይ የሚጨምቅ ፊዚክስ ምን ያደርግለታል?» አሉ ተናጋሪው። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው እንግዲህ ይሄ።

እንጀራውን እሳቸው ስላነሱት ከእሱ እንጀምር።

ፐርሲ ብሪጅማን የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት ነበር። ሃርቫርድ ተማሪ ሆኖ የገባው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው። እዚያው ተመረቀ፣ እዚያው አስተማረ፣ በ1954 እዚያው ጡረታ ወጣ። ሥራውን ባጭሩ ንገረኝ ካላችሁኝ፣ ነገር መጭመቅ ነው። ብረት ይጨምቃል፣ ውሃ ይጨምቃል፣ እጁ የገባውን ሁሉ ይጨምቃል። በ1914 የእንቁላል ነጩን ወስዶ ጨመቀው። እሳት አልነካውም። ሲያወጣው እንደተቀቀለ ረግቷል። ስለዚህ ነገር አጭር ማስታወሻ አሳተመና ወደ ሌላ ሥራው ሄደ፤ ተጠቃሚው ማነው ብሎ ያፋጠጠው ኮሚቴም አልነበረም። በ1990 ጃፓኖች ጀርሙን በእሳት ሳይሆን በግፊት የገደሉበትን ማርማላታ ለገበያ አቀረቡ። ዛሬ ጭማቂውም የተፈጨ አቮካዶውም በየሀገሩ በዚህ መንገድ ይዘጋጃል፤ ግፊቱ የከባቢ አየርን እስከ 6,000 እጥፍ ይደርሳል። እንጀራ አይደለም፣ እሺ። ምግብ ግን ነው፤ የመጣውም ከመጭመቅ ነው።

ብሪጅማን በዚያው በ1914 ደግሞ ነጭ ፎስፈረስ አሙቆ ቢጨምቅ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ለአሥርት ዓመታት ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው። በ2014 ግን የጥቁር ፎስፈረስን ስስ ንጣፍ ለትራንዚስተር የሚሞክሩ ተመራማሪዎች መጡ። መቶ ዓመት ቆጥራችሁ ድረሱበት። የእኛዎቹ ሁለት ዓመት ሰጥተዋል።

ሌላው ከመድረኩ የተወረወረው «ይሄ የሀብታም ሀገር ሳይንስ ነው፣ ሚሊዮን ዶላር ይበላል» የሚለው ነው። ይሄን የተናገረ ሰው ዕቃውን ፎቶ ላይ እንኳ አይቶት አያውቅም፤ በዚህ እወራረዳለሁ።

ግፊት ማለት ኃይሉ ያረፈበት ቦታ ስፋት ጉዳይ ነው። ወስፌ ቆዳ የሚበሳው እጃችሁ ጎልያድ ስለሆነ አይደለም፤ ጫፉ ስለጠበበ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት የልኬት ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህንኑ ይዘው ሁለት አልማዞችን ጫፍ ለጫፍ አጋጠሙ። አልማዞቹ ደሞ ከኮንትሮባንዲስት የተወረሱ ነበሩ፤ ሀብታሟ ሀገርም በተወረሰ ዕቃ ነው የጀመረችው። ዛሬ መሣሪያው ጭብጥ ውስጥ ይገባል። የሁለቱ አልማዝ ጫፎች ስፋት ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። በመሀላቸው የተበሳች ቀጭን ብረት አለች፤ ቀዳዳዋ ውስጥ የሚጠናውን ነገር ታስቀምጣለህ። ከዚያ ብሎኑን በእጅህ ታጠብቃለህ። ሃይድሮሊክ የለም፣ ጄኔሬተር የለም፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም። (ቢያንስ ይሄ ሊያስደስታቸው በተገባ ነበር።)

አልማዝ ብርሃን ያሳልፋልና በማይክሮስኮፕ እያየህ ነው የምታጠብቀው። ውሃ ጠብ አድርገህበት ከሆነ፣ ግፊቱ የከባቢ አየርን ወደ 10,000 እጥፍ ገደማ ሲጠጋ ዓይንህ እያየ ቅንጣት በረዶ ብቅ ይላል። ጠርዝ ያለው፣ እያደገ የሚሄድ በረዶ፣ ያውም በክፍል ሙቀት። ለደብረ ብርሃን ሰው ውርጭ ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ ያለው በረዶ ግን ውሃ ላይ አይንሳፈፍም፣ ይሰምጣል። ውሃ እየተጨመቀ ዓይነቱ የበዛ በረዶ እንደሚሆን ካሳዩት ዋነኛው ያው ብሪጅማን ነው፤ በ1912 የጻፈው አለ። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይህን አንዴ በዓይኑ ቢያይ ፊዚክስ ደረቅ ነው የሚለውን ነገር ይተወዋል። ተማሪ ከፊዚክስ ሸሸ እያሉ በየስብሰባው ሙሾ የሚያወርዱት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ናቸው!

ብሪጅማንም ቢሆን በሀብት አልጀመረም። ከእሱ በፊት የነበሩትን የያዛቸው የዕቃው ክዳን ማፍሰሱ ነበር፤ ግፊቱ 3,000 እጥፍ አካባቢ ሲደርስ ያሾልካል። እሱ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ራሱ ይበልጥ የሚጠብቅ ማሸጊያ ሠራ። በቃ። ያ ማሸጊያና ጥሩ ብረት እስከ 100,000 እጥፍ ወሰዱት፤ በ1946 የፊዚክስ ኖቤልንም አስገኙለት። ቶርኖ ላይ መቆም የማያፍር ሰው ነበር። እኛ ዘንድ ቶርኖ ያለው ጋራዥ ሠፈር ነው፤ ምሁሩ ስብሰባ ላይ ነው።

እርግጥ ጨምቀህ ያገኘኸውን ነገር በኤክስሬይ በደንብ ለማየት ትልቅ ማሽን ያስፈልጋል፤ እዚህ ያ የለም። ግን የተጨመቀውን ነገር ከነመሣሪያው ኪስህ ከተህ ማሽኑ ያለበት ሀገር ድረስ ትሄዳለህ፤ ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ይህን ያህል ከሰጠኋቸው ይበቃቸዋል።

በነገራችን ላይ ስብሰባው ሲካሄድ ከጎን ያለው ሕንፃ ላይ ሴራሚክ ይቆረጥ ነበር። የግራይንደሩ ጩኸት ተናጋሪውን ደጋግሞ አቋረጣቸው። ዲስኩን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ዙሪያው ላይ ግራጫ ጠርዝ አለው፤ በጥፍር ሲነኩት ይሻክራል። ያ የሚሻክረው ሰው የሠራው የአልማዝ ቅንጣት ነው። ብሪጅማን አልማዝ እሠራለሁ ብሎ ዓመታት ደክሞ አልሆነለትም። በ1954 መጨረሻ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች እሱ በጠረገው መንገድ ሄደው ሠሩት። ዛሬ ኢንዱስትሪው ከሚጠቀምበት አልማዝ አብዛኛው በዚህ መንገድ የመጣ ነው። እንግዲህ በእኛ ኮሚቴ ደንብ ብሪጅማን በሁለት ዓመቱ ይባረራል፣ ዲስኩ አይኖርም፣ ሴራሚኩም በመዶሻ ይሰበራል። ቢያንስ ስብሰባው ጸጥ ይል ነበር።

ደሞ ድንጋይ ለማን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ ቦታ ይጠይቅ እንጂ ሰሜን ሸዋ ላይ ቆሞ እንዴት ይጠይቃል? ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የምታዩት የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ነው። ማጀቴን በ1953 ዓ.ም. ያፈረሳት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከእግራችን ሥር ያለውን ማን ቆፍሮ አየው? የሰው ልጅ ቆፍሮ የደረሰበት ጥልቀት 12 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ እስከ መሬት እምብርት ግን 6,371 ኪሎ ሜትር አለ። የቀረውን በአብዛኛው የምናውቀው የመንቀጥቀጡ ሞገድ በምን ፍጥነት እንዳለፈ ለክተን፣ ያንን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከተጨመቀ ድንጋይ ጋር አስተያይተን ነው። ዋናው በር ይኸው ነው። በመሬት ውስጥ ከማንኛውም ማዕድን በላይ የበዛው እ.ኤ.አ. በ2014 ብሪጅማናይት ተብሎ በዚያው ሰውዬ ስም ተጠርቷል። ይሄ ጥናት ነገ ይንቀጠቀጣል ብሎ አይነግራችሁም፤ ያን የሚነግራችሁ የለም። ቤታችን የቆመበትን ግን ማወቅ የቅንጦት ነው መባሉ ይገርመኛል።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ የሚወጣው የመዘዞ ኦፓል፣ ለጌጥ የሚሸጠው የከበረ ድንጋይ፣ የግፊት ጉዳይ አይደለም፣ ግን ካነሳን አይቀር፦ ብዙው ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ገዢ ያጣል። ለምን ይሰነጠቃል ብሎ ማጥናትም ያው ድንጋይ ማጥናት ነው። እሱንም «ተጠቃሚ የለውም» ይሉት ይሆን?

አሁን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከዓመቱ የምርምር ብር ትንሽ፣ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ ቢሆን፣ ተጠቃሚውን መጥቀስ ለማይችል ማመልከቻ ይቀመጥ። የሚገመግመውም ጉዳዩን የሚያውቅ የፊዚክስ ወይም የጂኦሎጂ ሰው ይሁን እንጂ በጭብጨባ አይወሰን። ለዚያ ወጣት መምህርም ማመልከቻው ከነሙሉ አስተያየቱ በጽሑፍ ይመለስለት፤ ምኑ ላይ እንደተሳሳተ የሚነግረው አንድ ሳይንሳዊ ዓረፍተ ነገር ካለ እኔም ማንበብ እፈልጋለሁ።