መሪውን ለአርባ አራቱ

ፈረንጅ ዘገየ እንጂ የእኛ ሹፌርስ ከቀደመ ቆይቷል። እነሱ መሪ የሚይዝላቸው ኮምፒውተር እስኪሠራ ጠብቀው ነው እጃቸውን ያነሡት። የጎንደር ሹፌር ኮምፒውተሩንም አልጠበቀ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲወርድ አንድ እጁ ስልኩ ላይ፣ ሌላው መስኮቱ ላይ ነው፤ መሪውን ጉልበቱ ይጠብቅለታል።

የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 157 እንዴት እንደሚንቦቀቦቅ እዩልኝ። መስመሩን ጠብቆ በራሱ የሚሄድ መኪና "ተረከበኝ" ብሎ ሹፌሩን ከጠራ ቢያንስ 10 ሴኮንድ ይታገሠዋል። መልስ ካጣ፣ 4 ሴኮንድ ሳያልፍ ጥሪውን ያበረታል፤ 10ሩ ካለቀም የአደጋ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ይቆማል። ከዚያ በፊትም የሰውየውን ዓይን መርገብገብና የጭንቅላቱን እንቅስቃሴ ሲከታተል ይውላል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? እጅማ ወዲያው መሪ ላይ ይመለሳል፤ የሚዘገየው ልብ ነው። ዓይን ከስልክ ተነሥቶ አስፋልቱን ቢያይም የትኛው ባጃጅ ሊታጠፍ እንደሆነ፣ አህያዋ ወዴት እንዳሰበች ገና አልገባውም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ እያንዳንዱ ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይበላል፤ የ3 ሴኮንድ ቴሌግራም 42 ሜትር መሆኑ ነው። ለጀግና ምን አላት!

ቁጠባውም ይመስገን። ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቶ ይለቃታል። ሞተሩ መያዝ ሲያቆም ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይግላል፣ ፍሬኑ ይሰንፋል። ሞተሩን ጭራሽ ካጠፋውማ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። በጠብታ ነዳጅ የተገኘ ትርፍ!

መስመር ጠባቂ ያላቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ሲመጡለት ደግሞ እንቅልፉን ሊጨምር ነው። ካሜራው የሚያነበው አስፋልቱ ላይ የተቀባውን የመስመር ቀለም ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘበት ላይ "ጢጥ" ብሎ ይለቃል። ደረጃ 2 የሚሉት፣ ማለትም ሹፌሩን የሚያግዝ እንጂ የማይተካ ስለሆነ፣ 10 ሴኮንድ የሚባል ውል የለበትም።

ለነገሩ የማስጠንቀቂያ መሣሪያስ መቼ አጣን? ሦስተኛው ወንበር ላይ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት አሉ። ባጃጁን ከሹፌሩ ቀድመው ያያሉ፣ "ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት!" ይላሉ፣ እግራቸው ወለሉን ረግጦ ፍሬን ይይዛል። አዘዞ ሲደርሱም ሙሉ ሒሳብ ከፍለው ይወርዳሉ።