ሞተር ቢጠፋም አውሮፕላን እንደ ድንጋይ አይወድቅም

ጋሼ፣ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ስለወደቁት የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች የጻፉትን ወድጄዋለሁ። «ሞተሩ ከጠፋ አለቀ፣ እንደ ድንጋይ ቁልቁል ነው» ያሉት ግን ልክ አይደለም። እዚህ ኮምቦልቻም ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር የምንሰማው ወሬ ነው።

አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው፤ ክንፉ ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። ሞተሩ ዝም ሲል አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ይንሸራተታል። ከ15,000 በላይ በተሠራው ቲ-6 በተባለ የአሜሪካ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ሠልጣኞች ሆን ብለው ጋዝ ቀንሰው ሜዳ መምረጥን ይለማመዱ ነበር።

ታዲያ ምን ገደላቸው? ዝቅ ብሎ መብረርና መጥፎ አየር አሉበት። ክፉው ግን ወደኋላ መመለስ ነው። ገና እንደተነሳ ሞተሩ ይጠፋል። ከፊቱ ማሳ አለ፤ ሠልጣኙን ግን ከኋላው የቀረው ማኮብኮቢያ ያጓጓዋል። በዚያ ዝቅታ ይጠመዘዛል፣ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፣ ፍጥነቱ ያልቃል። አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይከዳዋል፤ እየተሽከረከረ ይወርዳል። ቲ-6 ደግሞ ክንፍ በመጣል አመሉ የታወቀ ነው። 100 ሜትር ላይ ከዚያ መውጫ የለም።

የኛ ኮምቦልቻማ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ለመመለስ የሚበቃ ከፍታ ለመያዝ ብዙ መሄድ ያስፈልጋል።