በካውያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እስከ ብራይተን

ከቤድፎርድ ተነስቶ ለንደንን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ብራይተን የሚገባው የቴምዝሊንክ መስመር በፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ክላስ 700 የሚባሉት የኤሌክትሪክ ባቡሮች ገብተውለታል። ጥሩ ባቡር ነው ወይ? ሁለት የመስመሩ ተሳፋሪዎች፣ አንዷ ከለንደን በስተሰሜን ካለችው ከሉተን፣ አንዱ ከደቡብ ለንደኗ ከክሮይደን፣ እንዲህ ተከራክረዋል።

ከሉተን፦ ይህን ባቡር ያዘዘ ሰው ረጅም መንገድ ተቀምጦበት አያውቅም ባይ ነኝ። ተሳፋሪው መቀመጫውን «የካውያ ጠረጴዛ» ያለው በከንቱ አይደለም። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ። ሲጀምር ዋይፋይ የለ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ የምትዘረጋ ጠረጴዛ የለች። ሁለቱም የመጡት ሰው ከጮኸ በኋላ ነው። ሦስት ጣቢያ ሄዶ ለሚወርድ ግድ የለም። ከቤድፎርድ ብራይተን ግን ከ2 ሰዓት በላይ ነው። በ1.6 ቢሊዮን ፓውንድ ውል ትንሽ ስፖንጅ ጠፋ?

ከክሮይደን፦ እህት ዓለም፣ ወንበሩን ብቻ አትይ። መሀል ለንደን ላይ ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ እስከ ብላክፍራየርስ ጣቢያ ያለውን አስቢው። ከሰሜንም ከደቡብም የሚመጣው ሁሉ እዚያ በአንድ ጥንድ ሐዲድ ነው የሚተላለፈው። እቅዱ በየአቅጣጫው በሰዓት 24 ባቡር ማሳለፍ ነው። በ2 ደቂቃ ተኩል አንድ! ሰው በቶሎ ካልወረደና ካልተሳፈረ የኋላው ሁሉ ይቆማል። በሩ የሰፋው፣ ወንበሩ የቀጠነው ለዚህ ነው። ባለ 12 ፉርጎው 666 መቀመጫ አለው፤ ከቋሚው ጋር ከ1,700 ሰው በላይ ይይዛል። በድሮው ክላስ 319 ሁለት ባለ 4 ፉርጎ ባቡር ሲቀጣጠል ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፊያ አልነበረም። አሁን ከጫፍ ጫፍ ትሄጃለሽ። የትኛው ፉርጎ እንደቀለለ ስክሪኑ ይነግርሻል። ሽንት ቤቱ ተይዞ እንደሆነም ጭምር፤ እኔ ለዚህችኛዋ ብቻ አመሰግናቸዋለሁ። መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ኮምፒውተር ይነዳዋል፣ ሾፌሩ ይቆጣጠራል።

ከሉተን፦ ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን ካነሱት አይቀር ኦገስት 9 ቀን 2019ንም ያንሱልን። ዕለቱ አርብ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። መብረቅ ወደቀ፣ የሁለት ማመንጫዎች ኃይል ጎደለ፣ የመብራቱ ፍሪኩዌንሲ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ቁጥር) ከ50 ወደ 48.8 ኸርዝ ወረደ። የጠፋው የቤት መብራት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። እነዚህ ባቡሮች ግን ፍሪኩዌንሲው ስለወረደ ራሳቸውን ዘግተው ቀጥ አሉ። በርካቶቹን ሾፌሩ ማስነሳት አልቻለም። ቴክኒሻን ላፕቶፑን ይዞ እስኪደርስ ሰው ውስጥ ቁጭ አለ። ያውም በዚያ ወንበር!

ከክሮይደን፦ በእሱ አልከራከርሽም። ግን የሶፍትዌር ጣጣ ነው፣ ይታረማል። የወንበሩ ጉዳይ ግን ከባቡሩ ይልቅ የመስመሩ ጣጣ ነው፤ ግማሹ የከተማ ባቡር፣ ግማሹ የአገር አቋራጭ። ለሁለቱ አንድ ባቡር ያዘዘው መንግሥት ነው። አንዱ መጎዳቱ ካልቀረ፣ መሀል ከተማ ፋሪንግደን ጣቢያ ላይ በሩ ጋ ተጨናንቆ ለቆመው ይታሰብለት እላለሁ። ብራይተን የሚሄደው ትራስ ይያዝ።

ከሉተን፦ እሺ፣ እይዛለሁ። የትራሱን ዋጋ ብቻ ከትኬቱ ይቀንሱልኝ።