ኪልኹመንን በስሟ እንጥራት

የስኮትላንዱን የኔስ ሐይቅ ሊያይ የሄደ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ ጉዞውን የሚጨርሰው በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ባለችው ፎርት ኦገስተስ መንደር ነው። ውሃው ዳር ቆሞ ጥቂት ያፈጥጣል፣ በሐይቁ ይኖራል የሚባለውን አንገተ ረጅም ጭራቅ አሻንጉሊት ይገዛል፣ ወደ አውቶቡሱም ይመለሳል። በዚህ አልፈርድም፤ የመንደሯ ሱቆችና የእንግዳ ማረፊያዎች የሚኖሩት ከዚሁ ጎብኚ ኪስ ነው። የሚቆጨኝ ግን አንድም ታይቶ የማያውቅ እንስሳ የታወቀውን ታሪክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመንደሯን የጥንት ስም መሸፈኑ ነው።

መንደሯ በጌሊክ ቋንቋ ኪልኹመን ትባላለች፤ የኩሜን ቤተ ክርስቲያን እንደማለት ሲሆን፣ በትውፊት ስሙ ከአዮና ደሴት ገዳም ቅዱሳን አባቶች ጋር ይያያዛል። ፎርት ኦገስተስ የሚለው ስም የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1715 ከተነሳው የጃኮባውያን ዐመፅ በኋላ ነው። ጃኮባውያን ከዙፋን የተባረረውን የስቱዋርት ቤተሰብ ሊመልሱ የታገሉ ሲሆኑ፣ መንግሥት ደጋማውን ምድር ጸጥ ለማሰኘት ጄኔራል ዌድን ልኮ በ1729 በመንደሯ ምሽግ ማሠራት ጀመረ። ምሽጉ የተሰየመው በንጉሥ ጆርጅ ዳግማዊ ልጅ በዊልያም ኦገስተስ ነው፤ ልዑሉ ያኔ የ8 ዓመት ልጅ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስሙ ለንጉሥ ልጅ የተሰጠ ተራ ሙገሳ ሆኖ በቀረ። በመጋቢት 1746 ግን ጃኮባውያን ምሽጉን ከበቡ፤ የተኮሱት ቦምብ የባሩዱን ግምጃ ቤት መትቶ ስላፈነዳው ጠባቂው ጦር እጁን ሰጠ። በቀጣዩ ወር ኩሎደን ላይ ጃኮባውያን ድል ሲሆኑ፣ ያ ሕፃን የነበረው ልዑል 25 ዓመቱን የያዘ የኩምበርላንድ መስፍንና የአሸናፊው ጦር አዛዥ ነበር። ሰፈሩን ያደረገው በስሙ በተጠራችው መንደር ሲሆን፣ ወታደሮቹ ከዚያ እየተነሱ በየሸለቆው ያለውን ቤት አቃጠሉ፣ ከብቱን ነዱ። አራጁ የሚል ቅጽል የወጣለትም በዚሁ ዘመቻ ነው።

ሁሉም ወደዚህች ትንሽ ስፍራ የሚጎርፈው በመልክዐ ምድሯ ምክንያት ነው። ስኮትላንድን ከባሕር እስከ ባሕር በሰያፍ የሚቆርጠው ታላቁ ሸለቆ ከ400 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በጀመረ የመሬት ስብራት ላይ የተቀመጠ ነው። በመሃሉ የተኛው የኔስ ሐይቅ ርዝመቱ ወደ 37 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ200 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የያዘው ውሃ የእንግሊዝና የዌልስ ሐይቆች ተደምረው ከሚይዙት ይበልጣል። ጥቁረቱ የጭራቅ ምልክት ሳይሆን ወንዞች ከረግረጉ አጥበው የሚያመጡት የበሰበሰ ዕፅዋት ቀለም ነው።

በዚያው ሸለቆ መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ መርከብ የሚያልፍበትን የካሌዶንያን ቦይ ዘረጋ። ሥራው በ1803 ሲጀመር ዓላማው መርከቦችን ከሰሜኑ ማዕበልና ከፈረንሳይ የባሕር ዘራፊዎች ማሳረፍ፣ ከመሬቱ ተፈናቅሎ ለሚሰደደው ደገኛም ሥራ መስጠት ነበር። ቦዩ በ1822 ሲከፈት ናፖሊዮን ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ መርከቦችም እየገዘፉ ስለመጡ ቦዩ ጠበባቸው። የተረፈችው ውብ ነገር መንደሯን መሃል ለመሃል የምትሰነጥቀው የውሃ ደረጃ ናት፤ አምስት ተከታታይ የውሃ ክፍሎች በሮቻቸው በየተራ እየተዘጉና እየተከፈቱ ጀልባን ከሐይቁ ወደ 12 ሜትር ከፍ ያደርጋሉ። እኔ ብሆን ጎብኚውን በመጀመሪያ የምወስደው ወደዚህ ነው።

ምሽጉ በኋላ ለቤኔዲክታውያን መነኮሳት ተሰጥቶ ገዳም ሆነ። መነኮሳቱ በ1890 በወንዝ ውሃ ኤሌክትሪክ አመንጭተው ለመንደሯ አዳረሱ። የዚያው ገዳም ትምህርት ቤት ግን ሌላ ገጽ አለው፤ የስኮትላንድ የሕፃናት ጥቃት አጣሪ ኮሚሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዚያ ልጆች መጠቃታቸውን አረጋግጧል። መነኮሳቱ በ1998 ለቀው ሄዱ፤ ሕንፃው ዛሬ የመኖሪያና የእረፍት አፓርታማ ነው።

ባቡርም መጥቶ ነበር። በ1903 የተከፈተው መስመር እስከ ኢንቨርነስ ከተማ ሊዘልቅ ታስቦ እዚያው ፎርት ኦገስተስ ላይ ተቋረጠ፤ መንገደኛ ማመላለሱንም በ1933 መጨረሻ አቆመ። የጭራቁ ወሬ በኢንቨርነስ ጋዜጣ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በዚያው ዓመት ግንቦት ነው። ባቡሩ የቀረበት ዓመት ጭራቁ የመጣበት ዓመት መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ልዑሉ፣ ምሽጉ፣ ባቡሩና ገዳሙ አልፈዋል። የመንደሯ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው በኪልኹመን ስም ነው። ስሙ ሞቷል፣ ጎብኚውንም ያደናግራል የሚሉ ሰዎች ይህን ትምህርት ቤት ቢያዩ መልካም ነበር። ካርታዎችና የጉዞ መጻሕፍት ኪልኹመንን ከላይ በትልቁ ይጻፉ፤ ፎርት ኦገስተስ ከሥሩ በትንሹ ቢሰፍር ማንም መንገድ አይጠፋበትም።