ይድረስ ለክቡር የጣና የከሰዓት ነፋስ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ልብሴ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ጫማዬም አጠገቡ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከዘጌ ስመለስ ያደረጉኝን መቼም አይረሱትም። ለእናቴ የያዝኩት ጌሾ ቤት የደረሰው ተዘፍዝፎ ነው። «ጥንስሱን ሐይቁ ላይ ጀመርከው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ዘመዶችዎ ላጫውትዎ። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ ባለሸራ ጀልባ ፈረንጆችን አያለሁ፤ ቤታቸውን ሸጠው ጀልባ ላይ የሚኖሩ። አሜሪካ መብረድ ሲጀምር ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከቨርጂኒያ፣ ከኖርፎክ ተነስተው የባሕሩን ዳር ይዞ በሚሄደው የውስጥ የውሃ መንገድ እስከ ፍሎሪዳ፣ ጉልበት ያለው ደግሞ እስከ ባሃማስ። ገና ከእንቅልፋቸው ሲነቁ፣ ቡናው ሳይፈላ፣ የነፋስ ትንበያ ነው የሚያዩት። ከፍሎሪዳ ወደ ባሃማስ ሊሻገሩ ሲሉ ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ ንቅንቅ የለም። መሃል ላይ ገልፍ ስትሪም የሚባለው ጅረት ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲገጥመው ማዕበሉ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። ስለዚህ መልሕቅ ጥለው ይጠብቃሉ። ሳምንት ቢሆን ሳምንት። ወጥ ይሠራሉ፣ ካልሲ ያጥባሉ፣ ሽንት ቤት ይጠግናሉ (ጀልባ ላይ መኖር ግማሹ ሽንት ቤት መጠገን ነው)።

እኛም እንጠብቃለን፣ ክቡርነትዎ። ግን ነፋስ አይደለም የምንጠብቀው፣ ሰው ነው።

ከዘጌ ጠዋት 1 ሰዓት ይወጣል የተባለ ጀልባ ነበር። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ጭጭ ብሏል፤ እርስዎም ገና አልተነሱም። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች በሌሊት ተነስተው፣ እንጨታቸውን ጭነው፣ ይሄኔ ባሕር ዳር ሊገቡ ነው። እኛ ሞተር ያለን ዳር ላይ ቁጭ ብለናል። «አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል!» ይላል ረዳቱ። ያ አንድ ሰው ይመጣል። አሁንም አንድ ሰው ይቀራል። 3 ሰዓት ሆነ። አንዲት እናት ዶሯቸውን ታቅፈው ወረዱና ሻይ አዘዙ። 4 ሰዓት ላይ ነዳጅ ትዝ አለ፤ ልጅ ተላከ። ልጁም ቀረ። በመጨረሻ ሞልተን፣ ከዚያም ተርፈን፣ 6 ሰዓት ላይ ሞተሩ ሲነሳ እርስዎም ተነሱ። ምን ዓይነት መናበብ ነው!

ሥራዎ አይገባኝም እንዳይሉኝ። ፀሐይ ስትከር መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይግላል፣ ከመሬቱ በላይ ያለው አየር ይሞቅና ሽቅብ ይወጣል፣ ቦታው ክፍት ሆኖ እንዳይቀር እርስዎ ከሐይቁ ወደ ዳር ይገሰግሳሉ። ያው ነው፤ ትናንትም ነበር፣ ነገም አለ። ጣና ደግሞ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ማዕበልዎ አጫጭርና ቶሎ ቶሎ ነው፤ አንዱን በቅጡ ሳናስተናግድ ሌላው ጭናችን ላይ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት የማይሞላው መንገድ ስንት ሆነ? ዶሮዋን ይጠይቋት።

ባሕር ዳር ስንገባ ነጂው ምን አለ መሰለዎ? «ነፋሱ አስቸገረን እኮ!»

እዚህ ላይ ነው ያዘንኩልዎ። ጀልባ ሲዘገይ እርስዎ። ጤፍ ሲርስ እርስዎ። እምቦጩስ? ሕዝብ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ይውላል፣ እርስዎ ሌላውን እየነዱ ያመጡለታል፤ ይሄንን አይክዱም። ግን አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ስንት ሻይና ኩኪስ አለቀ፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ጥፋተኛው ዞሮ ዞሮ እርስዎ ነዎት። ጠበቃ ይያዙ።

ከዚህ በተረፈ አንድ ልመና አለኝ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ዘጌ ወዳለው ዑራ ገዳም እንሄዳለን፣ እናቴም አለችበት። ስንመለስ ጀልባው 6 ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሏል። በእኛ ጀልባ አቆጣጠር 10 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ እባክዎ ያን ዕለት ሥራዎን በጠዋት ጨርሰው ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ይውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጠርዝ ላይ የሚቀመጠው ተሳፋሪ

ግልባጭ፦
ለነዳጁ ልጅ፣ ባለበት
«አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል» ለሚለው ወንድማችን (ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሰጠው)